ከነበረው ላይ ታጠፍ

ኮሌጁ ነው የጠፋህ? ሞተሩን አጥፋና ስማኝ፤
ያ ስልክህ ካርዌልን አያውቃት፤ ይልቅ እኔን እመነኝ።
ይህን ጎዳና ይዘህ፣ ቁልቁል በቀጥታ፣
ሬክስ ሲኒማ ከነበረበት ቦታ
ወደ ግራ ታጠፍ።

ዛሬ ባንክ ሆኗል፤ መስታወት በመስታወት፤
እኔን ግን ፈንዲሻ ይሸተኛል ባለፍኩበት ሰዓት።
በጎኑ፣ ከውጭ፣ ደረጃ ነበረው፣ ዝገት የበላው ብረት፤
አርባ አንድ እርከን ነው፤ ኦዴልና እኔ በየሳምንት
እየቆጠርን የወጣንበት።
የፊቱ በር ለነጭ ነበራ! እኛ ከጣራው ሥር፣
ሙቀት ከሚጠራቀምበት፣ ርግብ ከሚሰፍር፣
ፊልሙን ቁልቁል አየነው።
«የሰማይ ወንበር» ይለዋል ወንድሜ፣ እየሳቀ፤
«የከንቲባው መላጣ እንኳ ከዚህ ነው የታወቀ።»

ከባንኩ አለፍ ስትል የፊንቸር መድኃኒት ቤት አለ፤
ማለቴ፣ ነበረ፤ ዛሬ የስልክ መጠገኛ ተተከለ።
ስድስት ቀይ ወንበር ነበረው፣ ክብ፣ እንደ እንዝርት የሚዞር፤
ገንዘባችን ይገባል፤ እኛ ግን ቆመን ነው ከበር።
እህቴ ቬልማ አንድ ማክሰኞ
ገብታ ተቀመጠች፤
ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ሎሚናት አዘዘች።
አንድ ሰዓት ጠበቀች። ሁለት። ሦስት ሰዓት ተኩል።
ሎሚናቱ አልመጣም፤
ሸሪፉ መጣ በኋላ በር በኩል።
ቤቱ የተዘጋ ለት ወንበሮቹ ለሐራጅ ወጡ፤
አንዱን እሷ ገዛችው፣ ልጆቿ እየተቆጡ።
በረንዳዋ ላይ ታየዋለህ፤ ማንም አይቀመጥበትም፣
ከድመቷ በቀር። እሷንም ማንም አያስነሳትም።

የት ደረስን? አዎ፣ ከዚያ ትልቁ የመኪና ማቆሚያ፤
የከተማው መዋኛ ነበር፣ የሐምሌ መገላገያ።
ፍርድ ቤቱ «ለሁሉም ይከፈት» ያለ ሳምንት፣
ቀይ አፈር አመጡና ደፈኑት፤ አምስት ቀን ከሌት።
ኦዴል ካጥሩ ውጭ ቆሞ አየ፤ የዳኛው ልጅ ከውስጥ፣
ፎጣውን በትከሻው ጥሎ፣ ገንዳው በአፈር ሲዋጥ።
ሁለቱም ያን በጋ በላባቸው ብቻ ዋኙ።
ዝናብ ሲጥል ግን፣ አስፋልቱ መሐል ላይ፣
ውሃው አራት ማዕዘን ሠርቶ ይተኛል፤ ቆመህ እይ፤
ወርዱን አልረሳም።

እዚያ ጋ ወደ ቀኝ። የፒካን ዛፉን ታገኛለህ፤
ማለቴ ጉቶውን፤ መብረቅ ከጣለው ቆየ፣ ሳላሳስትህ።
ከጉቶው ባሻገር ግንቡ፤ ከግንቡ ላይ ደወሉ።
ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ
ገመዱን የሳብኩት እኔ ነኝ፤ መዳፌን እየው፣ ይኸው ውሉ።
ደውዬ ቁልቁል አያቸዋለሁ፣ ጫማ ሳያስሩ ሲሮጡ፤
በየዓመቱ ሃያ ዓመታቸው ነው፣ ከየትም ይምጡ።
እኛ ብቻ ነን የምናረጅ።

ልጅህ ናት ከኋላ፣ ትራሷን ያቀፈችው?
የድንጋይ ትምህርት? ጎሽ! እዚህ ድንጋዩ ያልተነበበ ነው።
በሩ ላይ «ማን መራህ?» ካሉህ፣ «ሞዝሊ፣ የደወሉ» በል፤
ከጠባቂዎቹ አንዱ እንኳ ሳያስታውሰኝ አይቀርም መሰል።

አሁን ደዋይ የለም፤ ማሽን ነው፣ የድምፅ ማጉያ፤
ገመድ የለው፣ ላብ የለው፣ የለው የእጅ ማድረቂያ።
የቀዱት ግን የኔን ነው፣ የመጨረሻዋን ዓርብ፤
ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤
ማይክሮፎኑን ደግሞ አስቀምጠውታል ከደረቴ ቅርብ።

በል ሂድ፤ እኩለ ቀን ሊሆን ነው።
መስኮቱን ዝቅ አድርጉት። ቁጠሩ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤
ከአምስተኛው በፊት
አንድ ሳል ይሰማል።
እኔ ነኝ።
ደርሳችኋል ማለት ነው።